ጨረቃን ከመስቀል በፊት የአራዳን ሰማይ ማንበብ

አዲስ አበባ፦ ሰባት ሜትር ስፋት ያላት ጨረቃ በጥንታዊ ካቴድራል ጣሪያ ሥር ተንጠልጥላለች። ብርሃኗ ከውስጧ ይፈልቃል፤ ከሥሯ የቆመው ሽማግሌም ሕጻንም አንገቱን ቀና አድርጎ ይመለከታታል። በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት የተለመደው ይህ ትዕይንት ሉክ ጄራም የተባሉ እንግሊዛዊ የጥበብ ሰው ሥራ ነው። «የጨረቃ ሙዚየም» ተብሎ የተሰየመው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከአገር አገር እየተዘዋወረ በአደባባይ፣ በሙዚየምና በካቴድራል ለሕዝብ ታይቷል።

አሠራሩ ለመረዳት አያስቸግርም። ጨረቃዋ በአየር የተሞላ ግዙፍ ፊኛ ናት። በላይዋ ላይ የታተመው ምስል የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ ወደ ጨረቃ የላካት መንኮራኩር ካነሳቻቸው ፎቶግራፎች የተገኘ ነው። በፊኛው ላይ ያለ አንድ ሴንቲ ሜትር በእውነተኛዋ ጨረቃ ላይ አምስት ኪሎ ሜትርን ይወክላል። ጄራም «ጋያ» ያሉትን የመሬት አምሳያም ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጋያ በሊቨርፑል ካቴድራል፣ ጨረቃዋ ደግሞ በኢሊ ካቴድራል ተሰቅለው ነበር። በዚያው ዓመት የሊችፊልድ ካቴድራል የሰው ልጅ ጨረቃን የረገጠበትን 50ኛ ዓመት ለማሰብ ወለሉን የጨረቃ ገጽ አልብሶታል።

የእነዚህ ካቴድራሎች አስተዳዳሪዎች ምክንያት ግልጽ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ውስጡ ጸጥ ያለ በመሆኑ ለእንዲህ ያለ ሥራ ይመቻል። የሰንበት ምዕመን በቀነሰበት አገር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጨርሶ ዘልቆ የማያውቅ ሰው በጨረቃዋ ምክንያት ደጁን ይረግጣል። ተቃውሞው ግን አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኖሪች ካቴድራል በአዳራሹ ውስጥ ረጅም የመንሸራተቻ ማማ ሲተክል፣ የሮቸስተር ካቴድራል ደግሞ አነስተኛ የጎልፍ መጫወቻ ሲዘረጋ፣ የጸሎት ቤት የመዝናኛ ሥፍራ ሆነ የሚል ወቀሳ ተሰምቷል።

ይህ ልማድ ለኢትዮጵያ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ እምብርት የሆኑት አራዳና ፒያሳ በፍጥነት እየተለወጡ ነው። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመርቋል። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ምክንያት በርካታ የቀድሞ መኖሪያዎችና ሱቆች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረዋል። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱ በዝቷል። በዙሪያቸው የነበረው ሰፈር ሲነሣ የቆዩት የእምነት ቤቶች ከበፊቱ ይልቅ ጎልተው ይታያሉ። ጎብኚ የሚስብ ነገር በሚፈለግበት በዚህ ወቅት «እኛስ ምን እናሳይ?» የሚለው ጥያቄ ወደ ካቴድራሉ ደጅ መድረሱ አይቀርም። መልሱን ለመስጠት በቅድሚያ ምን በእጅ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አራዳ በጣሪያው ላይም በትምህርቱም ውስጥ የራሱ ሰማይ አለውና።

ከዋክብት የተዘሩበት ጣሪያ

ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንጻ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያሠሩት ለዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲሆን፣ ድሉ የተገኘበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ራሱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. እዚሁ ዘውድ ጭነዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የነገሡት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን በእሳት የተጎዳው ካቴድራል ከነጻነት በኋላ ታድሷል።

ከውጭ ሲታይ ግራጫና ጭምት የሆነው ሕንጻ ውስጡ ሌላ ነው። ጣሪያው በከዋክብት አሸብርቋል። መቅደሱን የሚከቡት ግድግዳዎች አንኮበር ተወልደው ባደጉት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎችና የጠጠር ሥራዎች ተሸፍነዋል። ምዕመኑ ቆሞ ሲያስቀድስ ከራሱ በላይ የሚያየው ሰማይን ነው።

ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ሰማያት ሰባት ናቸው፤ ጽርሐ አርያም፣ መንበረ መንግሥት፣ ሰማይ ውዱድ፣ ኢየሩሳሌም ሰማያዊት፣ ኢዮር፣ ራማና ኤረር ተብለው ይጠራሉ። በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ የተከፈለው ሕንጻም ከምድር ወደ ሰማይ የሚደረግ ጉዞ ምሳሌ ተደርጎ ይተረጎማል። በስቅለት ሥዕል ላይ ፀሐይ ጨልማ፣ ጨረቃም ደም ለብሳ መታየታቸው ከዚሁ ትምህርት የተቀዳ ነው።

የአማራ ክልል አንባቢ ይህን በቅርብ ያውቀዋል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው በክንፋም መላእክት ፊት ተሞልቷል። ዓይኖቻቸው ወደ ምዕመኑ ያያሉ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥሉ ከእሳቱ የተረፈው ይህ ጣሪያ ዛሬም ከሩቅ አገር ሰው ይጠራል። ጎብኚው የሚመጣው ለአንድ ወር ተሰቅሎ የሚወርድ ነገር ለማየት አይደለም፤ ለዘመናት ከቦታው ያልተነቃነቀ ሥራ ለማየት ነው።

ሰማዩን የሚቆጥር ትምህርት

ሥዕሉ የሚታየው የሰማይ ክፍል ከሆነ፣ የሚቆጠረው ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ነው። ይህ የዘመን መቁጠሪያ ትምህርት በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በድሜጥሮስ ስም ይጠራል። ካህናቱ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጡት በእርሱ ነው። ስሌቱ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ ያስታርቃል። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ሲሆን፣ ከ365 ቀኑ የፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያንሳል። ይህ ልዩነት በየ19 ዓመቱ ተመልሶ ይገጥማል።

የ2018 ዓ.ም. ስሌት ለአብነት ሊወሰድ ይችላል። 5500 ዓመተ ፍዳ በ2018 ዓመተ ምሕረት ላይ ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለአራት ሲካፈል ሁለት ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲካፈል ደግሞ 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 12 ይቀራል፤ ይህም ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል። በ19 ተባዝቶ እንዲሁ ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ይመጣሉ። ስሌቱ ትክክል መሆኑ የሚታወቀውም በዚህ ነው።

መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ቀን ዋለ። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ ሰባት ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ 25 ስለሚሆኑ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ገባ። ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። አንድ ካህን ያለ ወረቀት በጣቱ ቆጥሮ የሚያወጣው ይህ ስሌት የጨረቃን ዑደት ለሺህ ዘመናት ሲከተል የኖረ ዕውቀት ነው።

ከዚህም ቀደም ያለ ምስክር አለ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በውስጡ ስለ ብርሃናት የሚናገረው ክፍል ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት፣ የምትገባባቸውም ስድስት ደጆች እንዳሏት እያስረዳ የቀንና የሌሊትን ርዝመት ያሰላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ እስኪመለስ ድረስ አውሮፓ ሙሉ መጽሐፉን በእጇ አላገኘችውም ነበር። ዛሬ በካቴድራሎቿ ጨረቃን የምትሰቅለው አውሮፓ ስለ ሰማይ የሚናገረውን ይህን ጥንታዊ መጽሐፍ ያነበበችው ከኢትዮጵያውያን የብራና ጸሐፊዎች ተቀብላ ነው።

ሰማዩን መቁጠር በአራዳ የአንድ እምነት ድርሻ ብቻ አይደለም። በፒያሳ የሚገኘው ኑር መስጊድ፣ በተለምዶ ስሙ በኒን መስጊድ፣ ምዕመናን ረመዳንን የሚቀበሉት አዲስ ጨረቃ መታየቷን ጠብቀው ነው። የሂጅራ አቆጣጠር የጨረቃን ዓመት እንዳለ ስለሚከተል ጾሙ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት እየቀደመ ክረምትንም በጋንም ያዳርሳል። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ አበቅቴ ብሎ የሚያስታርቀውን 11 ቀን የመስጊዱ ምዕመን እንዳለ ይቀበለዋል። ሁለቱ ጎረቤቶች የሚያዩት አንድ ጨረቃ ነው።

ገበሬው ከዚህ ምን አለው?

ጉዳዩ የከተማ ሰው ወግ ብቻ የሚመስለው ካለ የአራዳን ታሪክ ማስታወስ ይበቃዋል። ጣሊያን ገበያውን ወደ ምዕራብ ወስዶ መርካቶን እስኪመሠርት ድረስ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ይውል ነበር። ገበሬው እህሉን፣ ቅቤውንና ማሩን ጭኖ የሚመጣው ወደ አራዳ ነበር። «ፒያሳ» የሚለው ስምም በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስተሳስራቸው ግን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ አቆጣጠር ዓመቱን በአራት ወቅት ይከፍለዋል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይቆያል። ገበሬው ዛሬም «ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ» እያለ እርሻውን ይቀጥራል፤ ዕዳውን ለመክፈልም ሆነ ከብቱን ለመሸጥ በሥላሴ፣ በማርያምና በጊዮርጊስ ዕለት ይቆጥራል። በካቴድራሉ ጣሪያ ላይ የተሣሉት ከዋክብት እና በእርሻው ጠርዝ ላይ የሚቆጠሩት ቀናት የአንድ ዕውቀት ሁለት ገጽ ናቸው።

አቆጣጠሩ ግን ሁሉን አይመልስም። ክረምት ሰኔ 26 ይገባል ሲል የዝናቡን መጠን አይናገርም። ዝናቡ ዘግይቶ ሊጀምር፣ ቀድሞም ሊቋረጥ ይችላል። ይህን የሚከታተለው ሌላኛው የሰማይ ዕውቀት ነው፤ እርሱም ከአራዳ ሩቅ አይደለም። ከፒያሳ ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ የሚታየው እንጦጦ በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑበትን እንጦጦ ማርያምን እና የአገሪቱን የጠፈር ምልከታ ጣቢያ በአንድ ተራራ ላይ ይዟል። ጣቢያው እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር አመጠቀች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ሳተላይት ዋና ተግባሯ ግብርናን፣ የተፈጥሮ ሀብትንና የአየር ንብረትን መከታተል ሲሆን፣ መቆጣጠሪያዋም እንጦጦ ላይ ነበር። የእንዲህ ያሉ ሳተላይቶች አሠራር ከሰብል ጋር የተያያዘ ነው። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን መጦ ዓይን የማያየውን ከቀይ በታች ያለ ብርሃን ይመልሳል። ሰብሉ ሲጠማ ወይም ሲታመም ይህ ሚዛን ይለወጣል። ሳተላይቷ ልዩነቱን ከሰማይ ሆና ስታነብ ገበሬው በዓይኑ ከማየቱ በፊት ችግሩ ሊታወቅ ይችላል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ወሎንና ሰሜን ሸዋን የጎዳው የበረሃ አንበጣ የሚራባበትን እርጥብ ሥፍራ ለመለየትም ከሳተላይት የሚገኝ መረጃ አገልግሏል።

እንግዲህ በአራዳና በእንጦጦ መካከል ሁለት የሰማይ ዕውቀቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው ዓመቱን ይከፍላል፤ ሌላኛው ዓመቱ እንዴት እንደሚውል ይከታተላል። ገበሬው ሁለቱንም ይፈልጋቸዋል።

አደጋው ከየት ነው?

ግዙፍ ጨረቃ በአራዳ ካቴድራል ውስጥ ብትሰቀል ምን ችግር አለው የሚል ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያው መልስ ከሥርዓቱ ይመነጫል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ታቦት ያለበት ሕንጻ አዳራሽ አይደለም። ጫማ ይወልቃል፤ ወንድና ሴት በየወገናቸው ይቆማሉ፤ ያልተዘጋጀ ሰው ከውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። በእንግሊዝ ካቴድራል ተመልካች ከፎቶግራፍ መሣሪያው ጋር ወዲያ ወዲህ የሚልበት አኳኋን እዚህ ቦታ የለውም። የእንግሊዝ ካቴድራሎች ጨረቃን የሰቀሉት ሰው ስለጠፋባቸው ጭምር ነው፤ በአራዳ ጊዮርጊስ ግን በወር በወሩ በ23ኛው ቀን ቅጥሩ በምዕመን ይሞላል። የሌላውን መድኃኒት ያለ ሕመሙ መዋጥ አያስፈልግም።

ሁለተኛው መልስ ከሕንጻው ይመነጫል። የቆየ ጣሪያ ተጨማሪ ክብደትና ገመድ እንዲሸከም ማድረግ የባለሙያ ጥናት ይጠይቃል። ሥዕሎቹን የሚጎዱት ነገሮች ከወዲሁ ብዙ ናቸው። የጧፍና የዕጣን ጢስ በቀለሙ ላይ ይጋገራል። የክረምት ፍሳሽ ግድግዳውን ያረጥባል። ጠንካራ መብራት ቀለሙን ያነጣል። በበርካታ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ከግድግዳ ጋር የተለጠፈ ስለሆነ እርጥበት በገባው ጊዜ እየተገለጠ ይወድቃል። በቅን ልቦና አዲስ ቀለም የሚደርቡበትም አሉ፤ የቀደመው ሠዓሊ እጅ ግን ከሥሩ ተቀብሮ ይቀራል።

ሦስተኛውና ከባዱ አደጋ የማይታየው ነው። ሥዕል ቢደበዝዝ ይታያል፤ ባሕረ ሐሳብን በቃሉ የሚያወጣ ሊቅ ሲያልፍ ግን ምን እንደጎደለ የሚያይ የለም። ወጣቱ የበዓላትን ቀን ከስልኩ ያነባል። ስልኩ ቀኑን ይነግረዋል፤ ለምን በዚያ ቀን እንደዋለ አይነግረውም። የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ሲመናመን የሚጠፋው ይህ «ለምን» ነው።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

የሰማይን ጥበብ ለሕዝብ ማሳየት ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ጥያቄው ቦታውና ቅደም ተከተሉ ነው። በካቴድራሉ ቅጥር ግቢ ውስጥ የነገሥታት አልባሳትን፣ የብራና መጻሕፍትንና የጦርነት ዘመን መሣሪያዎችን የያዘ ሙዚየም አለ። ጎብኚ የሚገባበት፣ ገላጭ ያለው ሥፍራ እርሱ ነው። የባሕረ ሐሳብን ስሌት በሰሌዳ አስፍሮ፣ የሄኖክን የብርሃናት ክፍል ከነትርጓሜው አቅርቦ፣ የጣሪያውን ከዋክብትና የሰባቱን ሰማያት ትርጉም ማስረዳት ከውጭ አገር ፊኛ ከማስመጣት ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። ግዙፍ ጨረቃ ማየት የሚሻ ከተማ ቢኖርም ሰፊ አዳራሽና አደባባይ በፒያሳ አይጠፋም።

ከዚህ ጎን የእንጦጦው ዕውቀት ወደ ታች መውረድ ይኖርበታል። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የሚያገኘው መረጃ ለግብርና ባለሙያው፣ ከባለሙያው ለገበሬው በሚገባ ቋንቋ ሲደርስ ሳተላይቷ የወጣባት ገንዘብ ፍሬ ያፈራል። ገበሬው የሚያውቀው ቋንቋ ደግሞ «ከሰኔ ሚካኤል በኋላ»፣ «ከኪዳነ ምሕረት በፊት» የሚለው ነው። የዝናብ ትንበያ በዚህ አቆጣጠር ቢነገር ከሰሚው ጆሮ አልፎ ልቡ ይገባል።

በቤተ መቅደሱ ውስጥ ምን ይሰቀል፣ ምን አይሰቀል የሚለውን የሚወስኑት ሊቃውንቷና ምዕመናኗ ናቸው። መንግሥትና የቅርስ ባለሥልጣናት ደግሞ ጣሪያው እንዳያፈስ፣ ሥዕሉ እንዳይላጥ የማድረግ ድርሻ አለባቸው። የጎንደርም ሆነ የላሊበላ፣ የጣና ገዳማትም ሆኑ የአራዳ ካቴድራል ከዚህ አንጻር ጉዳያቸው አንድ ነው።

ፒያሳ ሲታደስ ብዙ የቆየ ነገር ከዓይን ርቋል። የፈረሰ ሰፈር አይመለስም። በካቴድራሉ ጣሪያ ላይ ያሉት ከዋክብት ግን አሁንም በቦታቸው ናቸው፤ እነርሱን ቆጥሮ ዓመቱን የሚያወጣ ሊቅም ገና አልጠፋም። በሰሌዳ የሚጻፈው ስሌትም ሆነ ለእርሱ የሚቀመጠው ተማሪ ሊቁ በሕይወት ሳለ መዘጋጀት ይኖርበታል።